ክርክር፦ የማስታወስ አቅም ከምንበላው ይጀምራል?

የክርክሩ ሐሳብ፦ «በምግብ የምናገኘው አሚኖ አሲድ የመማርና የማስታወስ አቅማችንን ይለውጣል።» አሚኖ አሲዶች ፕሮቲን የሚገነባባቸው ጥቃቅን ክፍሎች ናቸው። ሐሳቡን የምትደግፈው የሥነ ምግብ ባለሙያ ናት። የሚቃወመው ፋርማሲስት ነው።

ደጋፊ

እ.ኤ.አ. በ1934 ኖርዌይ ውስጥ አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን ይዛ አስቢዮርን ፎሊንግ የተባለ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ልጆቹ ሲወለዱ ደህና ነበሩ። እያደጉ ሲሄዱ ግን አእምሯቸው ወደ ኋላ ቀረ። ሽታቸውም ለየት ያለ ነበር። ፎሊንግ ሽንታቸው ላይ ፌሪክ ክሎራይድ የሚባል ኬሚካል ጠብ ሲያደርግበት አረንጓዴ ሆነ። ነገሩን ተከታትሎ ምክንያቱ ላይ ደረሰ፤ ሰውነታቸው ፌኒልአላኒን የሚባለውን አሚኖ አሲድ በአግባቡ መጠቀም አልቻለም ነበር።

ከ19 ዓመት በኋላ፣ በ1953፣ በእንግሊዟ በርሚንግሃም ከተማ ሆርስት ቢክልና ባልደረቦቹ የ2 ዓመት ሕፃን ታሪክ አሳተሙ። ይቺ ልጅ ያው ሕመም ነበረባት። መቆም አትችልም፣ መናገር አትችልም። ስታለቅስና ጭንቅላቷን ስትመታ ነበር የምትውለው። ፌኒልአላኒኑ በብዙ የተቀነሰለት ምግብ አዘጋጁላት። በወራት ውስጥ ዳኸች፣ ወንበር ይዛ ቆመች፣ ዓይኗ ብሩህ ሆነ። ከዚያ ለማረጋገጥ ሲሉ ፌኒልአላኒኑን መልሰው ምግቧ ላይ ጨመሩት። በአንድ ቀን ውስጥ መቆም አቃታት።

ይህን ታሪክ ባነበብኩት ቁጥር እዚህ ቦታ ላይ ቆም እላለሁ። ቤቷ ያው ነው። እናቷም ያችው ናት። የተቀየረው አንድ አሚኖ አሲድ ብቻ ነው። ዛሬ በብዙ አገሮች አራስ ሕፃን ተረከዙ ተወግቶ ጥቂት ደም የሚወሰደው ይህን ሕመም ቀድሞ ለመያዝም ነው።

ተቃዋሚ

እህቴ፣ የዚያች ሕፃን ታሪክ እኔንም ይነካኛል። ግን ልጅቷ ሕመምተኛ ነበረች። ፌኒልአላኒንን ወደ ሌላ ነገር የሚቀይረው ኢንዛይም፣ ማለትም ይህን ሥራ ሰውነት ውስጥ የሚሠራው ፕሮቲን፣ በትክክል አይሠራላትም። እንዲህ ሆኖ የሚወለድ ሕፃን በአውሮፓ ከ10,000 አንድ ገደማ ነው። ከእርሷ ተነስተን ስለ ቀሪዎቹ መናገር አንችልም።

እኔ በየቀኑ የማየው ሌላ ነገር ነው። በቅርቡ አንዲት እናት መደርደሪያው ፊት ለፊት ቆማ ስልኳን አሳየችኝ። የአሚኖ አሲድ ዱቄት ማስታወቂያ ነው። «ልጄ ፈተና ደርሶበታል፣ ያነበበው አይያዝለትም፣ ይህ ይረዳዋል?» አለችኝ። እኔ የምከራከረው ስለዚያ ልጅ ነው።

ግሉታሜትን እንውሰድ። አሚኖ አሲድ ነው። ነርቭ ከነርቭ ጋር ሲነጋገር፣ ትምህርትም አንጎል ውስጥ ሲቀመጥ፣ ዋናው መልእክተኛ እሱ ነው። እንግዲያው ግሉታሜት የበዛበት ምግብ የበላ ሰው ጎበዝ ይሆናል? አይሆንም። ከምግብ የመጣውን ግሉታሜት አንጀት ራሱ ለጉልበት ያቃጥለዋል፤ ወደ ደም የሚያልፈው ጥቂት ነው። በደምና በአንጎል መካከል ያለው አጥር ደግሞ ያንኑ ጥቂቱን ይመልሰዋል። አንጎል የሚፈልገውን ግሉታሜት እዚያው ራሱ ይሠራል። እንዲህ መጠበቁ ደግ ነው፤ ከበላን ቁጥር አንጎላችን ቢናወጥ እንዴት እንኖር ነበር?

ደጋፊ

ስለ ግሉታሜት ልክ ነዎት። ግን ያው አጥር ሁሉንም አይመልስም።

ትሪፕቶፋን የሚባለውን አሚኖ አሲድ ይመልከቱ። ሴሮቶኒን የሚባለው የአንጎል መልእክተኛ ኬሚካል የሚሠራው ከእሱ ነው። ሰውነታችን ትሪፕቶፋንን መሥራት ስለማይችል ከምግብ የግድ ማግኘት አለብን። በአብዛኛው ፕሮቲን ውስጥ ደግሞ ያለው በጣም ትንሽ ነው። ወደ አንጎል የሚገባበት በር ጠባብ ነው፤ ታይሮሲን፣ ፌኒልአላኒን፣ ሉሲንና ሌሎች አሚኖ አሲዶችም እዚያው በር ላይ ይጋፉታል። ስለዚህ ፕሮቲን የበዛበት ምግብ ስንበላ ተጋፊዎቹ ይበዙና አንጎል የሚደርሰው ትሪፕቶፋን ሊቀንስ ይችላል። ስኳርና ስታርች ብቻ ስንበላ ኢንሱሊን ተጋፊዎቹን ወደ ጡንቻ ይወስዳቸዋል፣ ትሪፕቶፋኑም መንገድ ያገኛል። ጆን ፈርንስትሮምና ሪቻርድ ወርትማን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ይህን በአይጦች ላይ አሳይተዋል። አንድ ጊዜ የተበላ ምግብ የአንጎልን ኬሚካል ቀየረ ማለት ነው።

በሰው ላይም ተሞክሯል። ጤነኛ ሰዎች ትሪፕቶፋን ብቻ የጎደለበት የአሚኖ አሲድ ድብልቅ ይጠጣሉ። በሰዓታት ውስጥ በደማቸው ያለው ትሪፕቶፋን ክፉኛ ይወርዳል። ከዚያ የቃላት ዝርዝር ይሰጣቸዋል። ቆየት ተብሎ ሲጠየቁ ከወትሮው ያነሰ ነው የሚያስታውሱት። ወንድሜ፣ እነዚህ ሕመምተኞች አይደሉም።

ተቃዋሚ

አይደሉም፤ ግን የጠጡትም ምግብ አይደለም። ትሪፕቶፋን ብቻ ተለቅሞ የወጣለት ገበታ ማንም ቤት አይቀርብም። የአይጦቹም ነገር እንደዚያው ነው። ስታርቹ ላይ ትንሽ ፕሮቲን ጣል ሲደረግበት ውጤቱ ይጠፋል። ሰው ደግሞ የሚበላው ቀላቅሎ ነው።

ታይሮሲንንም ሊያነሱብኝ እንደሚችሉ አውቃለሁ፤ ዶፓሚን የሚባለው ሌላው የአንጎል መልእክተኛ የሚሠራው ከእሱ ነውና። በወታደሮች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች በብርድና በኦክስጅን እጥረት ውስጥ ሆነው ሲወስዱት ረድቷቸዋል። መጠኑ ግን ለአንድ ኪሎ ክብደት 100 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 7 ግራም ማለት ነው። ያረፈና የጠገበ ሰው ላይ ጥቅሙ ብዙም አይታይም። ታይሮሲንን የሚቀይረው ኢንዛይም ቀድሞውኑ እጁ ሞልቷል፣ ቢጨመርለትም አያነሳውም።

ጉዳት ደግሞ አለ። በ1989 አሜሪካ ውስጥ የትሪፕቶፋን እንክብል የዋጡ ከ1,500 በላይ ሰዎች በከባድ የጡንቻ ሕመም ተያዙ። ከ30 በላይ ሞቱ። ጥርጣሬው ያረፈው እንክብሉ ሲመረት በገባ ብክለት ላይ ነው። ለሟቾቹ ቤተሰብ ግን ምን ለውጥ አለው?

ደጋፊ

እንክብልን እኔም አልደግፍም። እኔ የምለው ስለ ምግብ ነው፣ በተለይ ስለ ሕፃናት።

ከ1969 እስከ 1977 ጓቲማላ ውስጥ በአራት መንደሮች ጥናት ተካሄደ። ሁለቱ መንደሮች ፕሮቲን የበዛበት መጠጥ ያገኛሉ፣ ሁለቱ ፕሮቲን የሌለው ጣፋጭ መጠጥ። ሕፃናቱ አደጉ፣ ወልደው ከበዱ። ያኔ ሲፈተኑ፣ በመጀመሪያዎቹ የሕይወት ዓመታት ፕሮቲን ያለበትን ያገኙት በንባብም በማሰብም የተሻለ ውጤት አመጡ። አስተውሉልኝ፣ መጠጡ ከቀረ አሥርተ ዓመታት አልፈው ነበር።

ተቃዋሚ

ጥሩ ጥናት ነው፣ አከብረዋለሁ። ግን ፕሮቲን ያለበት መጠጥ ካሎሪውም ከሌላው በብዙ ይበልጥ ነበር። ያሻሻላቸው አሚኖ አሲዱ ይሁን ጥጋቡ፣ ማን ለየው? ለተራበ ሕፃን ምግብ ይሰጠው፣ እዚህ ላይ አንድ ነን። የሚበቃውን ለሚያገኝ ሰው ግን ሲጨመር የሚጨመር ነገር የለም። የሚበቃውም ይታወቃል፤ ለአዋቂ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ፕሮቲን።

ደጋፊ

የማልስማማው «የሚበቃ» በምትለዋ ቃል ነው። ያ 0.8 ግራም እንዴት ተገኘ? ፕሮቲን ውስጥ ናይትሮጅን አለ፤ ከምግብ የገባው ናይትሮጅን ከሰውነት ከወጣው ጋር እኩል ሲሆን «በቃ» ተባለ። ማለትም ሥጋ እንዳይቀንስ የሚበቃ ነው። ያን ቁጥር ለማውጣት ማንም የቃላት ዝርዝር አላስጠናም፣ ማንንም በማግስቱ «ምን ታስታውሳለህ?» ብሎ አልጠየቀም። ለጡንቻ የበቃው ትውስታ ለሚያዝበት የአንጎል ክፍል፣ ለሂፖካምፐስም በቅቷል ብለን ነው የተውነው። ያችን እናት ከመሸኘትዎ በፊት ልጅዋ ምን እንደሚበላ ጠይቀዋት ነበር?

ተቃዋሚ

ጠይቄያታለሁ። ሦስት ጊዜ ደህና ይበላል። የሚተኛው ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፣ 12 ሰዓት ላይ ይነሳል።

ስለ ናይትሮጅኑ ያሉትን አልክድም። ቁጥሩ ማስታወስን ለክቶ የወጣ አይደለም፤ ቢለካ ደስ ይለኛል፣ የእኔ ሐሳብ ስህተት ሆኖ ቢገኝም እንኳ። እስከዚያ ግን ያች እናት ተመልሳ ብትመጣም ዱቄቱን አልሸጥላትም። ስለ ልጅዋ እንቅልፍ ነው የማወራት።