ሆዱም ሩብ ነው እንዴ?

ልጅ ሳለሁ እናቴ ለጎረቤት "ይሄ ልጅ አይሰማም" ስትል ጆሮዬን ሐኪም ይይልኝ ማለቷ አልነበረም። ጆሮዬ ደህና ነበር። ከሁለት ግቢ ማዶ ኳስ ሲነጥር እሰማለሁ። የማልሰማው "ውኃ ቅዳ" ስባል ነው። በአማርኛችን መስማት ማለት ብድግ ማለትም ነው። ያልተነሣ ሰው አልሰማም ይባላል፣ አለቀ።

ይህን ያነሣሁት ስለ ቃለ እግዚአብሔር አሰማማችን ላወራ ፈልጌ ነው። ጅማ ውስጥ እሑድ ጠዋት ቃሉ የማይደርስበት ሰፈር ያለ አይመስለኝም። በድምፅ ማጉያ አለ፣ በስልክ አለ፣ ባጃጅ ውስጥም አለ። ኦርቶዶክሱ ወንጌል ሲነበብ ቆሞ ይሰማል፣ ፕሮቴስታንቱ ማስታወሻ ይይዛል። ስንወጣ የምንላትን ግን ታውቋታላችሁ፦ "ወይኔ፣ የዛሬውን እንትና በሰማው!" እኔም ስንት ጊዜ ብያታለሁ። የምንሰማው ለሰው ነው፣ ልክ መድኃኒት ለጎረቤት እንደሚገዛ መልእክተኛ።

የኢየሱስ ምሳሌዎች ደግሞ ከሁሉ በላይ ተለምደውብናል። "ዘሪ ሊዘራ ወጣ" ሲባል፣ ገና ዘሩ መሬት ሳይነካ፣ መልካሙ መሬት እኔ፣ እሾሁ እንትና ብለን ደልድለን ጨርሰናል። የቡና አገር ሰው እንዲህ መቸኮሉ ይገርመኛል። ችግኝ ተክሎ የመጀመሪያውን ፍሬ ለማየት ከ3 እስከ 4 ዓመት የሚጠብቅ ሰው፣ ስብከቱ በ30 ደቂቃ እንዲያፈራለት ይፈልጋል።

እኔን ግን ጉድ የሠራኝ የዘሪው ምሳሌ አይደለም። ማቴዎስ ምዕራፍ 20 ላይ ያለው ነው። አንድ ባለ ወይን እርሻ ማልዶ ይወጣና በቀን አንድ ዲናር ተስማምቶ ሠራተኞች ይቀጥራል። በ3 ሰዓት ይወጣል፣ ሌሎችን ይጨምራል። በ6፣ በ9፣ መጨረሻ ላይ በ11 ሰዓት ሳይቀር። ሲመሽ ከመጨረሻዎቹ ጀምሮ ይከፍላል፣ ለሁሉም እኩል አንድ ዲናር። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የጠበሳቸው ያጉረመርማሉ።

ይቺን ታሪክ የፈረንጅ አንባቢ ያለ ግርጌ ማስታወሻ አይዘልቃትም፤ በእሱ አቆጣጠር 11 ሰዓት ሌላ ነገር ነው። እኛ ግን ሰዓት የምንቆጥረው እንደ ታሪኩ ጎሕ ሲቀድ ጀምረን ነው። 11 ሰዓት ሲባል ጥላው ረዝሞ፣ ተማሪው ቤቱ ገብቶ፣ ጀበናው እሳት ላይ ተጥዶ ይታየናል። ሠራተኞቹንም እናውቃቸዋለን። በጠዋት አካፋና ዶማ ይዘው መንገድ ዳር የሚቆሙት ናቸው። ከጥቅምት ጀምሮ ቡና ለቀማ ስላለ በኪሎ እየተከፈላቸው ይሠራሉ፤ ለቀማው ሲያልቅ ብዙዎቹ ከተማ ይገባሉ። ፒክአፕ ሲቆም ይሮጣሉ። ፈርጣማው ቀድሞ ይጫናል። ሸምገል ያለውና ከሲታው እዚያው ይቀራል። በታሪኩ ውስጥ "ቀኑን ሁሉ ለምን ቆማችሁ?" ሲባሉ የሰጡት መልስ "የሚቀጥረን ስላጣን ነው" የሚል ነው። ዋሹ አልተባሉም። ሰነፎችም አልተባሉም።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ። አንድ ክረምት፣ እሑድ ከሰዓት፣ ይህንኑ ክፍል ለቤት ለቤት ጥናት ቡድናችን ያስጠናሁት እኔ ነኝ። ጥሩ አስጠንቼ ነበር መሰለኝ፣ "ተባረክ" ተብያለሁ። ማክሰኞ የግቢዬ ቦይ ተደፍኖ ውኃው ወደ በረንዳው መጣ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሁለት ልጆች አመጣሁ። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ከሰዓት መጣና የተቆፈረውን መልሶ ሞላው። በ9 ሰዓት ወጣሁና የቀረውን አንድ ሰው ይዤ መጣሁ። ዕድሜው ገፋ ያለ፣ እስከዚያ ሰዓት ማንም ያልወሰደው። እስከ 11 ሰዓት ተኩል ከሁለቱም በላይ ቆፈረ።

ማታ ሒሳብ ሠራሁ። ለሁለቱ ሙሉ ቀን፣ ለእሱ ሩብ። አልተከራከረም። ተቀብሎ ሄደ።

ጎረቤቴ እማማ በአጥራቸው በኩል ያዩኝ ነበር። ቡና እየቆሉ ነበር፣ እንደ ሁልጊዜው ሊጠሩኝ። "ለሽማግሌው ምን ሰጠኸው?" አሉኝ። ነገርኳቸው። "ለምን?" "ሩብ ቀን ነዋ የሠራው።" እማማ ማንከሽከሻውን አቆሙና "ሆዱም ሩብ ነው እንዴ?" አሉኝ።

እማማ ሙስሊም ናቸው። ማቴዎስ 20ን አንብበው አያውቁም። ለሠራተኛ ላቡ ሳይደርቅ ክፈሉት የሚለውን የነቢያቸውን ቃል ግን ከልጅነታቸው ሲሰሙ አድገዋል። የእኛም ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 ላይ ፀሐይ ሳይገባ ክፈለው ይላል፤ ባለ ወይኑ ማታ የከፈለው በዚሁ ሕግ ነው። እኔ ሁለቱንም አውቃለሁ። በጥናቱ ላይ ጠቅሼዋለሁ ሁሉ። ዲናር ማለት የአንድ ቀን ሠራተኛ ደሞዝ ነው፣ ቤተሰብ የሚያድርበት ማለት ነው ብዬ በዚሁ አፌ ተናግሬአለሁ።

"ይሄ ምሳሌ ስለ መንግሥተ ሰማያት ነው፣ ስለ ቀን ሠራተኛ ሒሳብ አይደለም" የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው፣ ስለ ጸጋ ነው። ዘግይቶ ንስሐ ስለሚገባ ሰው ብዙ ጊዜ ተሰብኮበታል፣ አልቃወምም። የኔ ቅሬታ ወደ ሰማይ በፍጥነት ስለምንወጣ መንገድ ዳር የቆመውን ሰውዬ እንዘለዋለን ነው። ደግሞ ጸጋውም ቢሆን ለማን እንደተነገረ እንይ። የምዕራፍ ቁጥር ኋላ የገባ ነገር ነው፤ ቁጥሩን አንሥታችሁ ከምዕራፍ 19 መጨረሻ ብታነቡ፣ ጴጥሮስ "እኛ ሁሉን ትተን ተከተልንህ፣ ምን እናገኛለን?" ብሎ ጠይቆ ነው ይህ ምሳሌ የመጣው። የተነገረው ለነባሮቹ ነው። እንደ እኔ ላለ፣ ሃያ ዓመት አገለገልኩ ለሚል፣ ትናንት የገባ ልጅ መድረክ ሲሰጠው ፊቱ ለሚጠቁር ሰው። "እኔ መልካም ስለ ሆንሁ ዓይንህ ምቀኛ ናትን?" የተባለው ከጠዋት ጀምሮ የሠራው ነው እንጂ የ11 ሰዓቱ አይደለም።

"እንዲህ ከሆነማ ነገ ሁሉም በ11 ሰዓት ይመጣል" የሚል ሰውም ገጥሞኛል። ይህን የሚል ሰው ቀኑን ሙሉ ሥራ አጥቶ መንገድ ዳር ቆሞ የሚያውቅ አይመስለኝም።

በማግስቱ የቀረውን ገንዘብ በኪሴ ይዤ፣ በጠዋቱ ሰውዬውን ፍለጋ ወጣሁ። ስሙን አልጠየቅሁትም ነበር፤ ከሰማችሁት ሁሉ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው። ባለ ግራጫ ኮፍያ እያልኩ ጠየቅሁ። የሚያውቀው አልተገኘም። መኪና የመጣ መስሏቸው ሰባት ስምንት ሆነው ከበቡኝ።

"ሰው ፈልጌ ነበር" አልኳቸው።

"ታዲያ እኛ አለን አይደል?" አለ አንዱ፣ አካፋውን ወደ ትከሻው እያነሣ።