ወሰን ላይ የቆመ ዛፍ ጥላው የሁለት ቤት ነው

ባለፈው ግንቦት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ድሬዳዋ ሳቢያን በሚገኘው ሰፈራችን የሞተር መጋዝ ድምፅ ሰምቼ ስወጣ፣ ከጎረቤት ግቢ ከወሰናችን አንድ ክንድ ያህል ገባ ብሎ የቆመው ትልቁ ኒም ግማሽ ቅርንጫፉ ወርዶ ነበር። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ግንዱም ተጋደመ። ጎረቤታችን ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሥሩ የግንብ አጥሩን እየሰነጠቀ፣ ቅጠሉም አሸንዳውን እየደፈነ እንዳስቸገራቸው ነገሩኝ፤ ሁለቱም እውነት ነው። ዛፉ የበቀለው በግቢያቸው ስለሆነ ግን ማንንም መጠየቅ ይገባኛል ብለው አላሰቡም። እኔ ደግሞ ይገባቸው ነበር እላለሁ፤ ይህን የምለውም ስለ እሳቸው ብቻ አይደለም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እናቴ እንደ ወትሮዋ ረከቦቷን ይዛ ከግንቡ ሥር ተቀመጠች። ኒሙ ከቤታችን በስተምዕራብ ስለነበር የከሰዓቱን ፀሐይ የሚከለክልላት እሱ ነበር። ጀበናው ገና ሳይፈላ ፀሐዩ እግሯ ላይ ደረሰ። በርጩማዋን ወደ ግንቡ አስጠጋች፤ ድንጋዩም እንደ ምጣድ ግሏል። ምንም ሳትናገር የከሰል ማንደጃውን አንስታ ወደ ቤት ገባች፤ ቤቱም የቆርቆሮ ክዳን ነውና ከውጭው አልተሻላትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ቡናችን የሚፈላው ከመሸ በኋላ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ይመጡ የነበሩት ሁለት ጎረቤቶቿም ቀርተዋል።

ይህች ከተማ ጥላዋን በተፈጥሮ ያገኘች አይደለችም። የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት አልቻለምና ከተማዋ በሞቃቱ ሜዳ ላይ ተቆረቆረች፤ ዛሬ በከዚራ ሰፈር ስንሄድ ከላያችን የሚገጥመው ጥላም ሰው ተክሎ፣ ሰው ውሃ አጠጥቶ ያሳደገው ነው። በሌላው የአገራችን ክፍል እሳት የመሰለ ቀይ አበባ የሚያወጣውን ዛፍ «የድሬዳዋ ዛፍ» ይሉታል፤ መገኛው ማዳጋስካር ሆኖ ሳለ በእኛ ስም መጠራቱ ከተማዋ በዛፎቿ ምን ያህል እንደታወቀች ያሳያል።

ሕጉን ለሚያነሣ ሰው፣ አዎ፣ ዛፉ የጎረቤቴ ነው። መሬቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ቢሆንም፣ ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ያፈራው ቋሚ ነገር የራሱ እንደሆነ ያው አንቀጽ ይደነግጋል። ነገር ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለንብረት በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳይጎዳና እንዳያውክ ይከለክላል፤ ጢስን፣ ሽታን፣ ጩኸትን እየጠቀሰም ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያልፉ ያዛል። ስለ ጥላ አንድም ቃል የለውም። የልኩ መመዘኛ ግን የአካባቢው ልማድ ጭምር ነው፤ ቆላ ከተማ ውስጥ ደግሞ ከጥላ የበለጠ የጋራ ልማድ ምን አለን? ከሰዓት በኋላ መላው ሰፈር የሚቀመጠው እዚያ አይደለም ወይ?

ሥር ግንብ የሚሰነጥቅ መሆኑን አልክድም። የበሰበሰና ቤት ላይ ያዘነበለ ዛፍም ጊዜ ሳይሰጡ መቁረጥ ግድ ነው። ከዚህ በመለስ ላለው ችግር ግን መጋዝ የመጀመሪያው መፍትሔ ሊሆን አይገባም። ሥር እርጥበት ወዳለበት ይሄዳልና ብዙ ጊዜ ወደ ግንቡ የሚስበው የሚያፈስ ቧንቧ ወይም የተሰነጠቀ የሽንት ቤት ጉድጓድ ነው፤ እሱ ሳይጠገን ዛፉ ቢቆረጥ የግንቡ መሠረት በውሃው መጎዳቱን አይተውም። አሸንዳ የሚደፍነውም ሙሉው ዛፍ ሳይሆን ከጣሪያው በላይ የተንጠለጠለው ቅርንጫፍ ነው፤ እሱን ብቻ መከርከም ይቻላል። ወፍራም ሥሮችን በአንድ ወገን መቁረጥ ግን ዛፉን ለነፋስ አሳልፎ መስጠት ስለሆነ የሚያውቅ ሰው ሳያየው አይደፈርም።

ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ወሰን አጠገብ ያለ ትልቅ ዛፍ ከመቆረጡ በፊት ባለቤቱ የጎረቤቱን በር ያንኳኳ፤ ቀበሌውም የሁለቱን ግቢ ሰዎች ባሉበት ሰምቶና ዛፉን አይቶ ይወስን። ካልተስማሙ የእድሩ ወይም የአፎቻው (እንደ እድር ያለው የአካባቢያችን የመረዳጃ ማኅበር) ሽማግሌዎች አሉ፤ ከዚህ የከበደ ጠብ ሲያበርዱ ኖረዋል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ በአረንጓዴ አሻራ ችግኝ ለመትከል ስንወጣ፣ አድጎ ጥላ የሆነውን አንድ ጠዋት ላይ ማንም ማንንም ሳይጠይቅ የሚጥልበት አሠራር አብሮ ሊቀጥል አይገባም።

ኒም ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ የጎረቤታችንም ከአምስት የሚበልጡ ቡቃያዎች አውጥቷል። ቅዳሜ ዕለት ግንቡ ሥር ቆመን ከግንቡ የራቀውን አንዱን ለማስቀረት ተነጋግረናል፤ ሥሩን ወደ ግንቡ የሳበውንም የሚያፈስ ቧንቧ በጋራ ወጪ እናስጠግናለን።