ሬጅ አጌንስት ዘ ማሽን፦ ከግጥሙ በፊት ጊታሩ

ስለ አሜሪካዊው የሮክ ባንድ ሬጅ አጌንስት ዘ ማሽን ሲወራ ሁሉም የሚጀምረው ከፖለቲካው ነው። ባንዱም ፖለቲካውን ደብቆ አያውቅም። እኔ ግን የመጀመሪያ ዓመታቱን ታላቅ ያደረገው ድምፁ ነው ባይ ነኝ። መልእክት ያለው ባንድ ሞልቷል። እንዲህ ያለ ጊታር ግን አልነበረም።

ባንዱ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1991 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው። ጊታሪስቱ ቶም ሞሬሎ አባቱ ኬንያዊ፣ እናቱ አሜሪካዊት ናቸው። ሃርቫርድ ተመርቆ ሲያበቃ ነው ጊታሩን ይዞ ሎስ አንጀለስ የገባው። ዛክ ዴ ላ ሮቻ ከሃርድኮር ፐንክ፣ ማለትም ፈጣንና ጩኸታም ከሆነ የሮክ ዓይነት የመጣ ራፐር ነው። ቲም ኮመርፎርድ ቤዝ፣ ብራድ ዊልክ ድራም ያዙ። አራት ሰው፣ በቃ። ዲጄ አልነበራቸውም።

የዲጄውን ሥራ ሞሬሎ ወሰደው። ጊታሩ ላይ ካሉት ሁለት ፒክአፖች (የክሩን ንዝረት የሚቀበሉ መሣሪያዎች) የአንዱን ድምፅ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። ከዚያ በማብሪያ ማጥፊያዋ ከአንዱ ወደ ሌላው በፍጥነት ይቀያይራል። ድምፁ ይቆራረጣል፣ ይንተባተባል። በሌላ እጁ ክሩን ሲፈትግ ዲጄ ሸክላ የሚያሽከረክር ይመስላል። በ1992 በወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ላይ ሳምፕል (ከሌላ ቅጂ ተቆርጦ የተወሰደ ድምፅ)፣ ኪቦርድም ሆነ ሲንተሳይዘር አልተጠቀምንም ብለው ጽፈዋል። ባይጽፉት ኖሮ ማን ያምን ነበር?

ከዚያ በፊት 12 ዘፈን ያለበት ካሴት ራሳቸው አውጥተው ነበር። ሽፋኑ ላይ የጋዜጣ የአክሲዮን ገበያ ገጽ አለ፤ የክብሪት እንጨትም ተለጥፎበታል። በኋላ ኤፒክ ከተባለው ትልቅ ኩባንያ ጋር ሲፈራረሙ ወቀሳ መጣ፤ ሥርዓቱን እየተቃወሙ ከሥርዓቱ ጋር እንዴት ይሠራሉ ተባለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ያ ካሴት ብቻውን ከከተማው ምን ያህል ይርቅ ነበር? እኔ መፈራረማቸውን እደግፋለሁ።

በ1993 ፊላደልፊያ ውስጥ ሎላፓሉዛ በተባለው የሙዚቃ ፌስቲቫል መድረክ ላይ አራቱም ራቁታቸውን፣ አፋቸውን በፕላስተር ለጥፈው ለ15 ደቂቃ ያህል ቆሙ። አልበም ላይ የማስጠንቀቂያ ምልክት እንዲለጠፍ ይወተውት የነበረውን የወላጆች ቡድን መቃወማቸው ነበር። ተቃውሞው ግልጽ ነበር። ሕዝቡ መጀመሪያ በደስታ ጮኸ፣ ቆይቶ ግን ተናደደ። የመጣው ጊታሩን ሊሰማ ነበራ!