ማስተካከያ፦ ያሸነፈው ባሊጋነር ነው

ስለ ኸርሊንግ (በዱላና በትንሽ ኳስ ስለሚጫወቱት የአየርላንድ ስፖርት) ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ «በ2022 በዋተርፎርድ ካውንቲ ሻምፒዮና ፍጻሜ ባሊሄል ሻምሮክስ ባሊጋነርን 20 ለ19 ረታ» ይላል። ሁለቱም የኸርሊንግ ክለቦች ናቸው፤ ግን አሸናፊውም መድረኩም ተሳስቷል።

ስፖርቱን በሚመራው የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበር ይፋዊ ውጤትና በጊዜው የጨዋታ ዘገባዎች መሠረት፣ ባሊጋነር 2-17፣ ባሊሄል 1-19 ነው ያስቆጠሩት። ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው። የፊተኛው ቁጥር ጎል ሲሆን እያንዳንዱ 3 ነጥብ ይይዛል። የኋለኛው ከአግዳሚው በላይ፣ በምሰሶዎቹ መሀል ያለፉ ኳሶች ናቸው፤ እነሱ አንድ አንድ ነጥብ ናቸው። ጽሑፉ ሁለቱን ዝም ብሎ ደምሯቸዋል። በትክክል ሲሰላ ባሊጋነር 23 ለ22 አሸንፏል። ያውም ለጥቂት! በባከነ ሰዓት በ2 ነጥብ እየተመራ ሳለ ተቀይሮ የገባው ሃሪ ራድል ኳሷን መረብ ላይ አሳረፋት።

መድረኩም የካውንቲ ውድድር አልነበረም። ባሊሄል የኪልኬኒ ካውንቲ ክለብ ስለሆነ በዋተርፎርድ ሻምፒዮና ሊጫወት አይችልም። ሁለቱም በየካውንቲያቸው ሻምፒዮን ሆነው፣ ባሊጋነር በመንስተር፣ ባሊሄል በሌንስተር ክፍለ ሀገር ውድድር አልፈው ነው ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ደብሊን፣ ክሮክ ፓርክ ስታዲየም ላይ የተገናኙት። ጨዋታው የመላ አየርላንድ ክለቦች ፍጻሜ ነበር።

ስለዚህ «ባሊሄል በተከታታይ ለ3ኛ ጊዜ ዋንጫ ወሰደ» የሚለው የጽሑፉ አባባልም ይወድቃል። የ2019 እና የ2020 ዋንጫዎች የእሱ ናቸው። የ2022ቱ ግን ለባሊጋነር፣ ለዋተርፎርድ ክለቦችም ጭምር፣ የመጀመሪያው ነው።