ማስተካከያ፦ የዊልማ ሩዶልፍ 11.0 ሰከንድ ክብረ ወሰን አልነበረም

ስለ አሜሪካዊቷ የአጭር ርቀት ሯጭ ዊልማ ሩዶልፍ ባቀረብነው ጽሑፍ፣ በ1960 (እ.ኤ.አ.) በሮም ኦሎምፒክ የ100 ሜትር ፍጻሜውን በ11.0 ሰከንድ አሸንፋ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች ብለን ነበር። ተሳስተናል፤ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ሰዓቱ ልክ ነው። ወርቁም የእሷ ነው። ክብረ ወሰን ግን አልሆነም፤ ምክንያቱ ነፋስ ነው። ከኋላ የሚገፋው ነፋስ በሰከንድ ከ2 ሜትር ካለፈ ሰዓቱ ለክብረ ወሰን አይያዝም። የዚያን ቀን 2.75 ሜትር ነበር። የዓለም ክብረ ወሰኑን የተጋራችው በግማሽ ፍጻሜው ነው፣ በ11.3 ሰከንድ። በቀጣዩ ዓመት ሽቱትጋርት ላይ 11.2 ገብታ አሻሽላዋለች።

ሌላም አለ። ሮም የመጀመሪያ ኦሎምፒኳ እንደሆነ ጽፈናል። አይደለም። በ1956 ሜልቦርን ላይ፣ ገና በ16 ዓመቷ፣ በ4 በ100 ሜትር ዱላ ቅብብል ነሐስ አግኝታለች። በልጅነቷ ፖሊዮ ይዟት በብረት ድጋፍ ትራመድ ለነበረች ልጅ ይህ ነሐስ ተዘሎ የሚታለፍ አይደለም። እኛ ግን ዘለልነው፤ ከልብ ቆጭቶናል።

በሮም ያገኘቻቸው ሦስት ወርቆች፣ የ100፣ የ200 እና የዱላ ቅብብሉ፣ እንደተጻፉት ናቸው።