ግልጽ ደብዳቤ፦ ከኋላዬ ተቀምጦ ፊልም ለሚተነትነው ወንድሜ

ለ፦ ከኋላ ወንበር ለተቀመጠው ተንታኝ
ባለህበት (ያው ከጀርባዬ)

ጉዳዩ፦ ፊልሙን እንድንሰማው እንድትፈቅድልን ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ ወንድም ዓለም። ስምህን አላውቅም። ድምፅህን ግን ከመላው ደብረ ብርሃን ለይቼ አውቀዋለሁ፤ ጨለማ ውስጥ ጆሮዬ ስር ሲንቆረቆር ከርሞ እንዴት አላውቀው!

ነገሩ ስለ «ሚሽን ኢምፖሲብል» ነው፤ ስለዚያ ቶም ክሩዝ ሰላይ ሆኖ ስለሚሠራበት ተከታታይ ፊልም። ቪዲዮ ቤቱ የመጨረሻው ክፍል ገባልኝ ብሎ ከመጀመሪያው ጀምሮ በተርታ ሲያሳየን፣ አንተም በተርታ አስተያየት ስትሰጥ ከረምክ። አስተያየት መስጠት ነውር አይደለም። ፊልሙ ካለቀ በኋላ፣ ውጭ፣ ያ ብርድ ላይ፣ ጋቢያችንን ተከናንበን ሻይ ቤት እስክንደርስ ብናወራው ማን ይጠላል? አንተ ግን እስከዚያ አትጠብቅም። ላሎ ሺፍሪን የሠራት ያቺ ዝነኛ ዜማ ገና ስትጀምር፣ መክፈቻው ላይ የሚነደው የፈንጂ ክር ገና እሳት ሲይዝ፣ «የድሮው ይሻላል» ትላለህ። ከምኑ ነው የሚሻለው? ገና ምን አየህና?

እሺ፣ ስለ ድሮው እናውራ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው። «በእኛ 1988 ነው» ብለህ እዚህም እንዳታቋርጠኝ።) አንተ የምትምልበት የመጀመሪያው ፊልም በ1996 ሲወጣ ያኔም «የድሮው ይሻላል» ባዮች ነበሩ። የእነሱ ድሮ ከ1966 እስከ 1973 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየው ተከታታይ ድራማ ነው። እዚያ ላይ የሰላዮቹ ቡድን አለቃ የነበረውን፣ ስንቱ የወደደውን ጂም ፌልፕስን፣ ፊልሙ ከሃዲ አድርጎት ቁጭ አለ። የድራማው ወዳጆች በገኑ። ከድራማው ተዋንያን አንዱ የነበረው ግሬግ ሞሪስ ፊልሙን ሳይጨርስ ከሲኒማ ቤት ተነስቶ ወጣ ይባላል። እኔ ይሄን ሰውዬ አከብረዋለሁ። አልወደደውም፣ ተነሳ፣ ሄደ። አንተስ? አዲሶቹን አንዳቸውንም አልወደድክም፤ ከወንበርህ ግን ወይ ፍንክች!

ወደ ዋናው በደልህ ልምጣ። በዚሁ በመጀመሪያው ፊልም ቶም ክሩዝ የሚጫወተው ሰላዩ ኢታን ሀንት የአሜሪካው የስለላ ድርጅት የሲአይኤ ዋና መሥሪያ ቤት ገብቶ ከኮምፒውተር መረጃ ይሰርቃል። ክፍሉ ጉድ ነው። ወለሉ ሲነካ ማንቂያው ይጮኻል። ሙቀቱ ከፍ ሲል ይጮኻል። ከሹክሹክታ ያለፈ ድምፅ ሲሰማ ይጮኻል። ስለዚህ ቶም ክሩዝ ከጣሪያ በገመድ ይወርድና አየር ላይ ተጋድሞ ይሠራል። ዳይሬክተሩ ብራያን ደ ፓልማ ሙዚቃውን ሳይቀር አጥፍቶታል። ምንም የለም፣ ትንፋሽ ብቻ። ከመነጽሩ ላይ አንዲት የላብ ጠብታ ተንሸራትታ ወለሉ ላይ ልታርፍ ስትል በመዳፉ ቀለብ ያደርጋታል። በቃ፣ ሰው እስካሁን የሚያወራለት ትዕይንት ይሄ ነው።

አንተ ታዲያ የት ነበርክ? «እኔ ብሆን በመስኮት ነበር የምገባው» እያልክ ነበር። ክፍሉ መስኮት የለውም ወንድሜ! ቀጥለህ ስለ ገመዱ ውፍረት አነሳህ፤ ከገመዱ ወደ አጎትህ የውሃ ጉድጓድ ተሻገርክ፤ ከጉድጓዱ ደግሞ አጎትህ ከጎረቤታቸው ጋር ስለገጠሙት የድንበር ክስ ገባህልን፤ ሰውዬው እስከዚያ ድረስ ምስኪን ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ አንተን ይጠብቃል። እሱ የላብ ጠብታ ያዘ፤ አንተ ምላስህን መያዝ አቃተህ። ያ ክፍል እኛ ከተማ ቢሆን ኖሮ ማንቂያው እስከ ጫጫ ይሰማ ነበር።

ደግሞ «ይሄ ኮምፒውተር ነው» የምትለው ነገር አለ። በ2011ዱ ፊልም ዱባይ ላይ፣ 828 ሜትር ከሚረዝመው ከቡርጅ ኸሊፋ ውጭ የተንጠለጠለው ራሱ ቶም ክሩዝ ነው። ኮምፒውተሩ የሠራው ገመዶቹን ከምስሉ ላይ ማጥፋት ነው። በ2015ቱ አውሮፕላን ሲነሳ ከውጭ ጎኑ ላይ ተለጥፎ የሚሄደውም እሱ ነው። በ2017 ለንደን ላይ ከሕንጻ ወደ ሕንጻ ሲዘል ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ፤ የተሰበረበት ቀረጻ ራሱ በ2018ቱ ፊልም ውስጥ አለ። ያን ሲያይ ቤቱ ሁሉ በአንድ ድምፅ «ውይ!» ሲል፣ አንተ ቆሎህን እየቆረጠምክ «ትወና ነው» አልክ። አጥንቱ ነው ወንድሜ፣ አጥንቱ!

ሰውዬው ያጠለቀውን የሌላ ሰው ፊት ጭምብል ገሽልጦ ሌላ ሰው ሆኖ ሲወጣስ? ቁመቱም ድምፁም አብሮ ሲቀየር? ያኔ ምንም አትልም። እንዲያውም «ጎበዝ!» ብለህ ታጨበጭባለህ። የሆነውን ውሸት፣ ያልሆነውን እውነት ብለህ ስትፈርድ ሳይ፣ የአጎትህ ክስ ላይ ምስክር እንዳትሆን ሰግቻለሁ።

«ሽማግሌ ምን ያሯሩጠዋል» ደግሞ ያንተ ሌላው መዝሙር ነው። ቶም ክሩዝ የተወለደው በ1962 ነው። የመጨረሻው ክፍል በግንቦት 2025 ለሕዝብ ሲቀርብ 62 ዓመቱ ነበር። ሽማግሌ ካልክ ሽማግሌ ነው፣ አልከራከርህም። ግን አንተ ያደግከው ሰሜን ሸዋ አይደለም እንዴ? በዚያ ዕድሜ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ያን የአንኮበር ዳገት ጨዋታ እንኳ ሳያቋርጡ የሚወጡ አባቶች አላየህም? ቢወድቁም ካሜራው ጠፍቶ እንደገና አይቀረጽላቸውም።

ከመሃል ጀምስ ቦንድን የምታመጣበት ምክንያትማ እስካሁን አልገባኝም። «ቦንድ ማለት ዳንኤል ክሬግ ነበር፣ ከእሱ በኋላ አበቃ» ትላለህ። እንዳንተ ያሉት እኮ ናቸው በ2005 ሰውዬው ሲመረጥ «ጸጉረ ወርቃማ ቦንድ የት አገር አለ!» ብለው ዓለሙን ያመሱት። በ2006 ፊልሙን አዩና ጸጥ አሉ። ሰው አይቶ ሐሳቡን ቢቀይር ደግ ነው። ግን መጀመሪያ ያያል።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ አንድ ቀን ደህና ነገር ተናግረሃል። በ1996ቱ ፊልም መጨረሻ ላይ ሄሊኮፕተሯ ባቡሩን ተከትላ የባሕር ስር ዋሻው ውስጥ ስትገባ፣ «ኧረ ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ አይሱዙ ራሱ በስንት ጥሩምባ ነው የሚያልፈው!» ያልክ ጊዜ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስቄያለሁ። ችግሩ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው የሚመጣው አንተን ለመስማት ይመስልሃል።

የመጨረሻው ፊልም ላይ «ወሬ በዛ» አልክ። ልክ ነህ! ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ፊልም ነው፤ የመጀመሪያው ሰዓት አብዛኛው ስብሰባና ትዝታ ነው፤ ዓለምን ሊያጠፋ የተነሳው ጠላት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለሆነ መልኩም ስለማይታይ፣ ሁሉም ተራ በተራ እየተነሳ አደገኛ መሆኑን ያስረዳናል። እኔም ሰልችቶኛል። ይሄን አስተያየትህን ሻይ ቤት ብትነግረኝ ሻዩን እኔ ነበር የምከፍል። አንተ ግን ወሬ መብዛቱን ለማስረዳት ያንን ሰዓት ሙሉ አወራህ። ከዚያ ሰላዩ በረዶ ስር ወደ ሰመጠው የሩሲያ ሰርጓጅ መርከብ ወረደ። እዚያ ቦታ ላይ ንግግር የለም ማለት ይቻላል። መርከቡ ይንከባለላል፣ ውሃው ይሞላል፣ ብረቱ ያቃስታል። ፊልሙ አንተ የጠየቅከውን ሰጠህ፤ ወሬውን ተወ። ውሃ ውስጥ እንደማይወራ ዓሣ እንኳ ያውቃል። አንተ ስለ መሬት ዋጋ ጀመርክ።

በትርጉም የታየለት ቀንማ አይነሳ። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ያወራል። ተርጓሚው በላዩ ላይ «ሰውዬው አሁን ተናደደ» ይለናል። አንተ ደግሞ ተርጓሚውን ትተረጉምልናለህ፦ «ተናዷል ማለት ነው»። አመሰግናለሁ፣ ጨለማው ውስጥ አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር!

መብራት ሲጠፋስ? ሰዉ ስልኩን አብርቶ በትዕግሥት ሲጠብቅ፣ አንተ የቀረውን በቃልህ ተረክክልን። ማን እንደሚሞት፣ ማን እንደሚከዳ፣ ቦምቡ የት እንደተቀበረ። መብራት መጣ። ከተረክከው አንዱም አልሆነ። ይቅርታ ትጠይቃለህ ብለን ስንጠብቅ «አበላሹት» አልክ። በነገራችን ላይ የ2023ቱን ግን አውቀኸው ነው፤ ሴትዮዋ ከመሞቷ በፊት ስሟን ጠርተህ «ይቺ አለቀላት» አልክ። ማን እንደሆነች እዚህ አልጽፍም። ያላየ አለ።

ታዲያ ለምን ሌላ ቦታ አትቀመጥም ትለኝ ይሆናል። ሞክሬያለሁ። ከፊት የተቀመጥኩ ቀን ድምፅህ ደረሰኝ። ከጥግ የተቀመጥኩ ቀን አንተ ራስህ መጣህ፤ «እዚህ ይሞቃል» ብለህ። በሕግ አምላክ!

ስለዚህ በሽማግሌ እንጨርሰው። ቆሎውን እኔ ልግዛ። ገብስ ከሽምብራ ጋር፣ ሱፍ ጣል ያለበት፣ እንደፈለግከው። አፍህ ሙሉ ሲሆን ፊልሙ እንደሚሰማ ቆርጥመህ ባሳየኸን ቀን አረጋግጫለሁ። ሲያልቅብህ ትከሻዬን ነካ አድርግ፣ እጨምርልሃለሁ። በምትኩ ፊልሙ አልቆ የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር መውረድ እስኪጀምር ድረስ ቃል እንዳይወጣህ። ከዚያ በኋላ የአጎትህንም ክስ ቢሆን ከሥር መሠረቱ እሰማለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ከፊትህ የሚቀመጠው ባለ ጋቢ

ግልባጭ፦
ለቪዲዮ ቤቱ ባለቤት፤ የመግቢያ ዋጋው ለሚያይና ለሚያወራ ተለይቶ እንዲወጣ።
ለፊልሙ ተርጓሚ፤ ሥራህን ሊወስድ የተዘጋጀ ሰው ስለተገኘ ጥንቃቄ እንድታደርግ።
በር ላይ ለሚቆመው ቆሎ ሻጭ፤ ቅዳሜ በሲኒ አልገዛም፣ በኪሎ ይዘህ ጠብቀኝ።