ኬኩ ስንት ሰዓት ይቆረስ?

ጭቅጭቁ የተነሳው እሑድ ረፋድ ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ አሞራ ገደል ላይ፣ ዓሣው ገና ሳይበርድ ነው። አምስት ነበርን። አንዷ ጓደኛችን 30 ዓመት ሞላትና ልደቷን ሐዋሳ እናክብር ተባብለን ቅዳሜ በማለዳ ከአዲስ አበባ ወጣን። ላንጋኖ ወርደን በዚያ ቡናማ ውሃ ዋኘን፣ ምሳ በላን፣ ሐዋሳ ስንገባ ወደ 10 ሰዓት ሆኖ ነበር። ማታውን ጨፈርን። እስከዚያ ድረስ አንድም ክፉ ቃል አልተሰማም።

እሑድ ጠዋት ደግሞ ሐዋሳ የመጣ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ወደ ዓሣው ወረድን። አንድ ልጅ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በግራ እጁ ጭራው ላይ ይዞ ቅርፊቱን ይፍቃል፣ ቆዳውን ይገፋል፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይቶ ሳህን ላይ ይጥላል። አንዱን ጨርሶ ሌላውን እስኪያነሳ ድረስ ትንፋሽ እንኳ የሚወስድ አይመስልም። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ራሰ በራ አንገታቸውን ቀብረው ጥቂት እርምጃ ርቀው ቆመዋል፤ አጥንቱ ሲወረወር ግን ማን እንደቀደመ አይታይም። እኛ ጥሬውን በዳጣ፣ ጥብሱን በእንጀራ፣ ሾርባውን በስኒ ይዘን ተቀምጠናል። ባለመኪናው ጓደኛችን ሰዓቱን አየና «እንግዲህ 8 ሰዓት ላይ እንነሳ» አለ።

ባለልደቷ መጀመሪያ የሚቀልድ መስሏት ሳቀች። «ኬኩ እኮ 12 ሰዓት ነው የሚቆረሰው። ፍቅር ሐይቅ፣ ሐይቁ ዳር። ጀምበሯ ስትገባ።»

«ኬኩን አሁን እዚሁ እንቁረሰው። 12 ሰዓት ከዚህ ከተነሳን ሻሸመኔ ሳንደርስ ይጨልማል።»

«ታዲያ ቢጨልምስ? መኪናው መብራት የለውም?» ይህን ያለችው ባንክ የምትሠራዋ ናት። ሰኞ 2 ሰዓት ቢሮ መገኘት አለባት፤ ስለዚህ ሐዋሳ ማደር የሚባለውን አትሰማም፣ የጀምበሯንም ነገር ልትተው አልፈለገችም። «ማታ እንዲያውም መንገዱ ጭር ይላል። 5 ሰዓት ሳይሞላ ቤታችን ነን።»

ባለመኪናው ድምፁን ከፍ አላደረገም። ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሆነ፣ ከሞጆ በኋላ ያለው የፍጥነት መንገድ እንደማያሳስበው፣ መንገዱ አጥር እንዳለውና ከብት እንደማይገባበት ነገራት። «እኔን የሚያስፈራኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው። ትናንት ስንመጣ አላያችሁም? አርሲ ነገሌ ላይ ያ ሁሉ ጋሪ መብራት አለው? ከግጦሽ የሚመለሰው ከብት መብራት አለው? ከፊቴ የሚመጣው ረዥም መብራቱን ካበራብኝ እኔ ለጥቂት ሰከንድ ዕውር ነኝ። አገር አቋራጭ አውቶብስ ሲነጋ ተነስቶ ሲመሽ የሚያድረው ሾፌሩ ሰነፍ ሆኖ ነው?»

እዚህ ላይ እኔ ብናገር ኖሮ የምለው ነበረኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ መስመር፣ ቡልቡላ አጠገብ፣ በሌሊት ስንመጣ ድንጋይ ላይ ወጥተናል። የተበላሸ ከባድ መኪና ሹፌር እንደ ምልክት ከኋላው ቅጠልና ድንጋይ ይደረድራል፤ መኪናው ሲጠገን ሾፌሩ ይሄዳል፣ ድንጋዩ አስፋልቱ ላይ ይቀራል። ጎማችን ፈነዳ። ጎማ ስንቀይር እኔ በስልኬ እያበራሁ ነበር፣ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ንፋሱ ክሪኩ ላይ የቆመውን መኪና ሲያወዛውዘው እጄ ላይ ይሰማኛል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ እመጣበታለሁ።

አራተኛው ጓደኛችን ለማስታረቅ አስቦ «በቃ በድምፅ እንወስን» አለ። ይህ ነገሩን አባባሰው።

«መሪውን የምይዘው እኔ ነኝ። ምን ዓይነት ድምፅ ነው?»

«ነዳጁን እኮ ተካፍለን ነው የሞላነው። ለሁለት ቀን መኪናው የሁላችንም ነው።»

«ነዳጁን ተካፍላችኋል። እንቅልፌን ማን ተካፈለኝ? ማታ ስትጨፍሩ እኔ ውሃ ስጠጣ ነበር፤ ስትተኙ ግን እኩል ነው የተኛነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት!»

ባለልደቷ በዚህ መሀል ከባዱን ቃል አወጣችው። «መኪናው ያንተ ስለሆነ ነው አይደል? በገዛ ልደቴ?»

ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ከዓሣው ሳህን አጠገብ አስቀመጠው። «እንኪ። ሌላ መንጃ ፈቃድ ያለው ይንዳ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። መንጃ ፈቃዴ ኪሴ ውስጥ ነው። ፊቴ ላይ ደግሞ ሁለተኛው ቢራ ተጋምሶ ቆሟል። ቁልፉን አላነሳሁም።

ከዚያ በኋላ ነው ባለልደቷ የጀምበሯን ነገር የነገረችን። እስከ ስምንት ዓመቷ ያደገችው ሐዋሳ ነው። አባቷ እሑድ እሑድ ማታ ፍቅር ሐይቅ ያወርዳት ነበር፤ ድንጋዩ ላይ ያስቀምጣትና ጀምበሯ ሐይቁ ውስጥ እስክትገባ ድረስ ኦቾሎኒ እየፈለፈለ ያበላታል። አባቷ ካረፈ ሰባት ዓመቱ ነው። «ፎቶ ለመነሳት ብቻ መሰላችሁ እንዴ» አለች። ባለመኪናው አንገቱን ደፋ፣ ግን ሐሳቡን አልቀየረም። «ይህንን ባውቅ ኖሮ ሰኞን ፈቃድ ውሰዱ ብዬ ቀድሜ እለምናችሁ ነበር። አሁንም በጨለማ አልነዳም፣ እህቴ።»

መጨረሻው ማንንም ደስ አላሰኘም። ባለልደቷና አራተኛው ጓደኛችን ሐዋሳ ሊያድሩ፣ ሰኞ ንጋት በአውቶብስ ሊመጡ፣ ሦስታችን 8 ሰዓት ልንነሳ ተስማማን። ባለልደቷ አለቃዋ ጋ ደውላ ፈቃድ ጠየቀች። ኬኩን ግማሹን ዓሣው ጠረጴዛ ላይ ቆረስነው፤ ግማሹን በካርቶኑ ይዛ ለማታ አስቀረችው። እስከ ሻሸመኔ መኪና ውስጥ የተናገረ የለም። ከዚያ ባንክ የምትሠራዋ «ባለልደቷን ጥሎ የሚመለስ ጓደኛ አይቼ አላውቅም» አለች፣ እሱም «ቀብሮ ከመመለስ ይሻላል» አላት፣ ዝዋይ እስክንደርስ ተነታረኩ። አዲስ አበባ ስንገባ ገና ለዓይን ያዝ ማድረግ መጀመሩ ነበር።

እኔ የምፈርደው ለባለመኪናው ነው። ዓይኑ ምን ያህል እንደደከመ ከሱ ሌላ የሚያውቅ የለም፤ አልችልም ካለ ድምፅ የሚሰጥበት፣ ነዳጅ የሚቆጠርበት ነገር አይደለም። አራት ሰው ይቅርና ሃምሳ ሰው ቢለምነውም ልክ ነበር። ግን አንድ ጥፋት አለበት። ማታ 12 ሰዓት ኬክ እንደሚቆረስ ሦስት ሳምንት ሙሉ በቴሌግራም ስንጻጻፍ እሱም እያነበበ ነበር። ቅዳሜ ቃሊቲን ሳናልፍ «እሑድ በጊዜ ነው የምመለሰው» ቢል ኖሮ እሷ የአባቷን ነገር ያኔ ታወጣው ነበር፣ ባንክ የምትሠራዋም ፈቃድ ትጠይቅ ነበር፣ ሁላችንም እናድር ነበር። የመመለሻ ሰዓት ሳይቆረጥ የኬክ ሰዓት መቁረጣችን የሁላችንም ጥፋት ነው፤ መሪው የሱ ስለሆነ ግን ቀድሞ መናገር የሱ ድርሻ ነበር።

በእሷ ላይ የምፈርደው የለኝም። «መኪናው ያንተ ስለሆነ ነው» ማለቷ ከብዷል፣ ማታውኑ ደውላ ይቅርታ ጠይቃዋለች።

የቀረው የኔ ነው። ዝም ያልኩት ስለ ቡልቡላው ድንጋይ ባወራ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ታዲያ አንተስ ለምን አታግዘውም?» ስለሆነ ነው። አምስት ሰው፣ ሁለት መንጃ ፈቃድ፣ አንድ ሾፌር። ቀድሜ «እኔም አግዝሃለሁ» ብል፣ ከጠርሙሱም ብርቅ ኖሮ ሁላችንም አድረን ሰኞ ማለዳ ተራ በተራ እየነዳን እንመለስ ነበር፤ እሱም በዚያች ጀምበር ፊት ከእኛ ጋር ይቆም ነበር። አላደረግሁትም። ለሚቀጥለው ጉዞ ይህንን አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ፤ የመመለሻው ቁልፍ እኔ ጋ ነው፣ ከጠርሙሱም አልነካም። እሷ ደግሞ ያን እሑድ ማታ 12 ተኩል ላይ የላከችልን ፎቶ አሁንም ስልኬ ላይ አለ፤ ድንጋዩ፣ ግማሽ ኬክ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ኦቾሎኒ፣ ከኋላ ቀይ የሆነው ሐይቅ።